ማበጠሪያው ቆዳ ካልነካ አልተበጠረችም፦ የፐርሺያን ድመት አያያዝ

ዳዊት፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ርዕሳችን ፀጉረ ረጅም፣ ፊተ ጠፍጣፋ ለሆነችው ለፐርሺያን ድመት ቤት ውስጥ ምን ምን አደገኛ ነው የሚል ነው። መድኃኒት፣ አበባ፣ መስኮት። በቅደም ተከተል እንሄዳለን።

ትዕግስት፦ በቅደም ተከተል?

ዳዊት፦ እንሞክራለን አልኩሽ። ግን በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ይቺ ድመት በማን ተቆጥታ ነው? ፎቶዋን ባየሁ ቁጥር ኮሶ ያጠጧት ነው የምትመስለኝ።

ትዕግስት፦ (እየሳቀች) አልተቆጣችም፤ የፊቷ አጥንት ነው። አፍንጫዋ ወደ ውስጥ ስለገባ የእንባ መውረጃ ቱቦዋ ይታጠፋል። የሌላ ድመት እንባ በአፍንጫ በኩል ይወርዳል፤ የእሷ ግን መሄጃ ሲያጣ በጉንጯ ይፈሳል። ከዓይኗ ሥር ያለው ቡናማ መስመር እሱ ነው።

ዳዊት፦ ስለዚህ ተቆጥታ ሳይሆን አልቅሳ ነው።

ትዕግስት፦ ይሁንልህ። ዋናው ነገር በየቀኑ መጠረጉ ነው፤ እርጥበቱ እዚያው ከዋለ ቆዳው ይቀላል፣ ይቆስላል፣ ይሸታል። ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ የራሰ ጥጥ ትይዛለህ፤ በአፍንጫዋ በኩል ካለው የዓይን ጥግ ጀምረህ ወደ ውጭ ትጠርጋለህ። ለእያንዳንዱ ዓይን የየራሱ ጥጥ። አይናሩ ደርቆ ከተጣበቀ አትፋቀው፤ እርጥቡን ጥጥ ላዩ ላይ ግማሽ ደቂቃ ያህል አሳርፈው፣ ራሱ ይለቃል።

ዳዊት፦ ቤት ውስጥ የሰው የዓይን ጠብታ ካለስ?

ትዕግስት፦ ኧረ በፍጹም! በተለይ ስቴሮይድ የሚባለው መቅላትና እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት ያለበት ከሆነ፣ ዓይኗ ላይ ያልታየ ቁስል ቢኖር ያባብሰዋል። የዚህ ዝርያ ዓይን ወጣ ያለ ስለሆነ ቶሎ ይጫራል። ፈሳሹ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ከሆነ፣ አንዱን ዓይኗን ከጨፈነች፣ ወይም የዓይኗ ፊት ላይ ቡናማ ወይም ጥቁር ነጥብ ከታየ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ነው። ነጥቡ የሞተ የኮርኒያ፣ ማለትም የዓይን ፊት ግልጽ ሽፋን፣ ሥጋ ሊሆን ይችላል፤ ፐርሺያን ላይ ይበዛል።

ዳዊት፦ ጥሩ። አሁን ወደ መድኃኒቱ...

ትዕግስት፦ ፀጉሩን ሳንነካ?

ዳዊት፦ ፀጉሩ ከአደጋ ጋር ምን አገናኘው?

ትዕግስት፦ እንዴ! ድመት ራሷን የምታጸዳው በምላሷ ነው። ፀጉሯ ላይ ያረፈ ሁሉ ሆዷ ይገባል። የዚህችኛዋ ደግሞ ረጅም ስለሆነ ከሌላው ድመት የበለጠ ይሰበስባል። ስለ መርዝ ለማውራት መነሻው ፀጉሩ ነው።

ዳዊት፦ እሺ፣ ተረታሁ። ቀጥይ።

ትዕግስት፦ ሁለት የብረት ማበጠሪያ ያስፈልጋል፤ አንዱ ጥርሱ ሰፋ ያለ፣ አንዱ ጠበብ ያለ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በብሩሽ ከላይ ከላይ መሄድ ላይ ነው። ላዩ ሐር ይመስላል፤ ሥሩ ያለው ለስላሳው ፀጉር ግን ተቆላልፎ ምንጣፍ ሆኗል። ማበጠሪያው ቆዳ ነክቶ ሳይያዝ ካልወጣ አልተበጠረችም።

ዳዊት፦ ስለዚህ ከሥር ጀምሮ መጎተት ነው?

ትዕግስት፦ መጎተት የለም። በአንድ እጅህ ፀጉሩን ወደ ላይ ትገልጠዋለህ፣ ከሥር ቀጭን ረድፍ ትለቃለህ፣ እሱን ከጫፉ ጀምረህ ወደ ሥሩ እየተጠጋህ ትፈታዋለህ። ከዚያ ቀጣዩን ረድፍ። ቋጠሮ ሲያጋጥምህ ከቆዳው በኩል ፀጉሩን በጣቶችህ ጨብጥ፤ ያን ጊዜ የሚሳበው ፀጉሩ እንጂ ቆዳዋ አይደለም። በየቀኑ ከተሠራ 10 ወይም 15 ደቂቃ ይበቃል። ሳምንት ከዘለልክ አይበቃህም።

ዳዊት፦ የት የት ነው የሚቋጠረው?

ትዕግስት፦ የሚፋተግ ቦታ ሁሉ። ከጆሮ ጀርባ፣ ከአገጭ ሥር፣ ብብት፣ ሆድ፣ ብሽሽት፣ ከጅራት ሥር። ጀርባዋን ብቻ የሚያበጥር ሰው እነዚህን አንዱንም አልነካም።

ዳዊት፦ ቋጠሮው ካልተፈታ በመቀስ ቆርጦ መገላገል ነዋ።

ትዕግስት፦ መቀስ አታንሳብኝ! ቋጠሮው ሲጠብቅ ቆዳውን ወደ ራሱ ስቦ ያስገባዋል። የድመት ቆዳ ደግሞ ስስ ነው። ፀጉር ቆረጥኩ ስትል ቆዳዋን ትከፍተዋለህ፤ ሐኪሞች ዘንድ ለስፌት የሚመጣ ጉዳት ነው። ትንሽ የበቆሎ ስታርች ነስንስበት፣ በጣትህ ለሁለት፣ ለሦስት ክፈለው፣ ከዚያ ከጫፉ አበጥር። ካልሆነ በመላጫ ማሽን ይነሣል። እሱም ቢሆን ምላጩ ሲሠራ ስለሚግል በየመሐሉ የእጅህ አንጓ ላይ ሞክረው።

ዳዊት፦ ማጠብስ? ውሃ ያለሰልሰዋል።

ትዕግስት፦ ውሃ ቋጠሮን ያጠብቀዋል። መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ማበጠር፣ ከዚያ ለድመት በተሠራ ሻምፑ ማጠብ፣ ከዚያ እስከ ሥሩ ማድረቅ። ላዩ ደርቆ ሥሩ እርጥብ ከቀረ ልፋትህ ሁሉ ከንቱ ነው።

ዳዊት፦ እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ይህ ሁሉ ጣጣ ከሚሆን ለምን ሙልጭ አድርጎ መላጨት አይሆንም? በሙቀት ጊዜም ይቀልላታል።

ትዕግስት፦ ፀጉሩ እኮ ከብርድም ከፀሐይም ይጋርዳታል። ተመልሶ ለመብቀልም ወራት ይፈጃል። ፊቷ ጠፍጣፋ ስለሆነ ሙቀት የሚያስቸግራት በአተነፋፈሷ ነው፤ በሙቀት ጊዜ ጥላ፣ ነፋሻ ክፍልና ብዙ ውሃ ነው የሚያስፈልጋት። አፏን ከፍታ እንደ ውሻ ካለከለከች ደግሞ አትጠብቅ፣ ሐኪም ዘንድ ሩጥ። ተኝታ ሳለ ደረቷን ቁጠር፤ በደቂቃ ከ30 በላይ እየደጋገመች ከተነፈሰች አስመርምራት።

ዳዊት፦ እሱ ልክ ነው። ግን በየቀኑ ማበጠር የማይችል ሰውስ? ሥራ የሚውል፣ እጁን የሚያመው? ተቋጥራ ቆዳዋ ከሚቆስል መላጨቱ አይሻልም?

ትዕግስት፦ አጭር ፀጉር ያላት ድመት ይያዝ።

ዳዊት፦ ቀድሞ ቢይዛትስ?

ትዕግስት፦ እሺ... ሆዷንና ከጅራቷ ሥር ያለውን ማሳጠር እቀበላለሁ። እንዲያውም ከጅራት ሥር ማሳጠሩ ለሁሉም ይጠቅማል፤ ዓይነ ምድር ሲጣበቅባት የምትጸዳዳበትን የአሸዋ ሳጥን መሸሽ ትጀምራለች።

ዳዊት፦ ሙሉውንም ቢሆን ይሻላል ባይ ነኝ።

ትዕግስት፦ በላ፣ በዚህ አንስማማም። ከሳጥኑ ጋር ግን አንድ ነገር፦ ወንድ ድመት ሳጥኑ ውስጥ ደጋግሞ ገብቶ ቢያምጥና ሽንት ካልወጣው፣ የሆድ ድርቀት ነው ብለህ እንዳታድር። የሽንት ቱቦው ተዘግቶ ይሆናል፤ በአንድና ሁለት ቀን ውስጥ ይገድላል።

ዳዊት፦ ይሄ እንኳ ወደ ርዕሳችን ተጠጋ። አበባውስ?

ትዕግስት፦ ሊሊ። ቤት ውስጥ ድመት ካለ ሊሊ አይገባም፣ በቃ። አበባው፣ ቅጠሉ፣ ግንዱ፣ የማስቀመጫው ውሃ ሳይቀር ኩላሊቷን ያጠፋል። ያልኩህ ፀጉር እዚህ ይመጣል፤ በአጠገቡ ስታልፍ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ብናኝ ጀርባዋ ላይ ይቀራል። አልበላችም ትላለህ፤ ማታ ትልሰዋለች።

ዳዊት፦ ምልክቱ ምንድን ነው?

ትዕግስት፦ ማስታወክ፣ ለሀጭ መዝረብረብ፣ ምግብ መተው። አታላዩ ነገር ከዚያ በኋላ የተሻላት መምሰሏ ነው፤ ኩላሊቷ ግን ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ሥራ ያቆማል። ሐኪሙ በደም ሥር ፈሳሽ መስጠት የሚጀምረው በመጀመሪያዎቹ 18 ሰዓታት ውስጥ ከሆነ ተስፋዋ ብዙ ነው። ስለዚህ ብናኙን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገህ፣ የአበባውን ፎቶ ይዘህ ሂድ። ምልክት እስኪታይ አትጠብቅ።

ዳዊት፦ ለቁንጫ የሚደረገው ጠብታስ? እሱም ፀጉር ላይ ነው የሚፈስሰው።

ትዕግስት፦ ጎበዝ፣ እየገባህ ነው! ለውሻ የተሠራው ብዙ ጊዜ ፐርሜትሪን የሚባል የነፍሳት መግደያ አለበት። ውሻው ይችለዋል፤ የድመት ጉበት ግን አይችለውም። ትንቀጠቀጣለች፣ ትንፈራገጣለች። «ትንሽ ውሻ ማለት ናት» ብሎ ግማሹን የሚያደርግ ሰው አለ፤ ግማሹም መርዝ ነው። ከተደረገባት ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጥበህ ወደ ሐኪም። ውሻም ድመትም ካለህ፣ ውሻው ላይ ያደረግከው እስኪደርቅ ለያይተህ አቆያቸው።

ዳዊት፦ ፓራሲታሞልም እንደዚሁ?

ትዕግስት፦ እሱም ጉበቷ የማይችለው ነው። አንድ ባለ 500 ሚሊግራም ክኒን 4 ኪሎ የምትመዝን ድመት ሊገድል ይችላል። ድዷ ወደ ቡናማ ወይም ሰማያዊ ይሄዳል፣ ፊቷና መዳፏ ያብጣል፣ ትንፋሿ ይፈጥናል። ቤት ውስጥ እንድታስታውክ ለማድረግ አትሞክር፤ የክኒኑን ማሸጊያ ይዘህ ሂድ።

ዳዊት፦ ሰዓታችን አልቋል። መስኮቱን ገና አልነካነውም።

ትዕግስት፦ አንዲት ነገር ቀርታኛለች፤ ግልገል የሚገዛ ሰው። የዚህ ዝርያ ትልቁ የዘር በሽታ ኩላሊት ውስጥ ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች የሚያበጅ ነው። ከወላጆቿ በአንዱ በኩል ብቻ ቢመጣ እንኳ እያንዳንዱ ግልገል የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ምርመራው ከጉንጭ ውስጥ በጥጥ በሚወሰድ ናሙና ይሠራል። የእናትና የአባቷን ውጤት በወረቀት ጠይቅ። «ጤነኛ ናቸው» የሚል ቃል አይበቃም፤ ምልክቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ካደጉና ከወለዱ በኋላ ነው። ውሃ መጠጣትና ሽንት ከበዛ፣ ክብደት ከቀነሰ፣ ያኔ ኩላሊቱ ብዙ ተጎድቷል።

ዳዊት፦ መስኮቱ!

ትዕግስት፦ መስኮቱ... ፍሬሙ ላይ በብሎን የታሰረ የብረት መረብ። የትንኝ ወንፊት አይበቃም፤ ወፍ አይታ ስትዘል ተነቅሎ አብሯት ይወርዳል። ከላይ ብቻ ወደ ውስጥ ዘንበል የሚል መስኮት ደግሞ ማንም ሳይኖር ክፍት አይተውም፤ በክፍተቱ ስትወጣ ተንሸራታ መሐሉ ላይ ትሰነቀራለች።

ዳዊት፦ ስለ መላጨቱ ሐሳባችሁን ጻፉልን፤ እኔ አቋሜን አልቀየርኩም።

ትዕግስት፦ እኔም።