ስስ አየርን ከእኛ በላይ ማን ያውቃል?

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ የሳይንስ ክበብ ልጆቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

የዘንድሮን ኤግዚቢሽን ክፈትልን ተብዬ ነው የመጣሁት። እከፍታለሁ። ግን አንድ ነገር ሳልናገር ከዚህ መድረክ አልወርድም።

አምና ለውድድር የላክነውን ልጅ ታስታውሱታላችሁ። ከቴሌቪዥን ካርቶን በወጣ ፎም ክንፍ ቆርጦ፣ ከተበላሸ መጫወቻ ሞተር ነቅሎ፣ ማርስ ላይ የሚበር አውሮፕላን ሞዴል ሠራ። ሦስት ወር ፈጀበት። የሚሠራው እናቱ ኩበት በሚያደርቁበት ግቢ ነው። የሱሉልታ ንፋስ ክንፉን ሁለቴ ሰበረው፤ ሁለቴም በኮላ ለጠፈው። ይዘነው ሄድን። ዳኛው ሞዴሉን በእጁ እንኳን አልነካውም። «ልጄ፣ እኛ እንጀራ ሳንጠግብ ማርስ ምን አገባን?» አለው። ልጁ ሞዴሉን በፌስታል ጠቅልሎ፣ ሚኒባስ ውስጥ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ እዚህ እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነፈሰም። አጠገቡ ነበርኩ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ያን ቀን ያልሰጠሁትን መልስ ዛሬ ልስጥ።

ሯጮቻችን ሱሉልታ ድረስ መጥተው የሚለማመዱት ለምንድን ነው? አየሩ ስስ ስለሆነ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ እዚያ የሚነሳ አውሮፕላን በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ ካለ ሜዳ ከሚነሳው የበለጠ ይንደረደራል። ማርስ ላይ አየሩ ምድር ላይ በባሕር ጠለል ካለው 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ እዚያ የሚበር አውሮፕላን ክንፉ ሰፊ፣ ክብደቱ ትንሽ፣ ፍጥነቱ ብዙ መሆን አለበት። ኦክስጅን የለም ማለት ይቻላል፤ እንደ መኪና ሞተር ነዳጅ በአየር ማቃጠል አይሆንም። ልጁ ባትሪ የመረጠው ለዚህ ነበር! ማን ጠየቀው? ማንም!

አይበርም እንዳትሉኝ። ሚያዝያ 11 ቀን 2013 ዓ.ም. ኢንጀኒዩቲ የምትባል 1.8 ኪሎ ሄሊኮፕተር ማርስ ላይ ተነሳች። 5 ጊዜ ትበራለች ተብላ 72 ጊዜ በረረች። የራይት ወንድማማቾች በ1896 ዓ.ም. ካበረሩት የመጀመሪያው አውሮፕላን የተቆረጠች ጨርቅም ይዛ ነበር።

ባለ ክንፍ አውሮፕላን ግን እስከ ዛሬ አልተላከም። ናሳ ዘንድ አሬስ የተባለ፣ በሮኬት ሞተር የሚበር አውሮፕላን ታስቦ ነበር። በ1995 ዓ.ም. ለማርስ ጉዞ ከተወዳደሩት የመጨረሻዎቹ 4 ዕቅዶች አንዱ ነበር፤ ግን ፊኒክስ የተባለች፣ ማርስ ላይ የምታርፍ መንኮራኩር ተመረጠች። ይህ ይቆጨኛል። ሳተላይት ከሩቅ ነው የሚያየው። ኦፖርቹኒቲ የተባለችው የማርስ ተሽከርካሪ በ14 ዓመት 45 ኪሎ ሜትር ሄደች፤ ከዚህ ፒያሳ ደርሶ መልስ ያህል ማለት ነው። አውሮፕላን ያንን በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። ገደሉንም ሸለቆውንም ዝቅ ብሎ ያያል።

ማርስ ብቻም አይደለችም፤ ቬነስ የተባለችው ፕላኔት ደመና ውስጥ ሶቪየቶች በ1977 ዓ.ም. ፊኛ አንሳፍፈዋል። የሳተርን ጨረቃ ታይታን ደግሞ አየሯ ከእኛ 4 እጥፍ ያህል የጠበቀ ነው፤ ድራጎንፍላይ የምትባለው ባለ 8 ተሽከርካሪ ክንፍ የናሳ በራሪ መንኮራኩር በ2020 ዓ.ም. ክረምት ወደዚያ ልትነሳ ታቅዷል።

እንጀራና ማርስ አይጣሉም! እንጦጦ ላይ፣ እዚሁ ጎረቤታችን፣ 2 ትልልቅ ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ልጆቻችንን «ምን አገባችሁ» የሚል ሰው መጀመሪያ እሱን ያስረዳን!

የልጁ ሞዴል በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ክንፉን አስረዝሞታል። ከእሱ ጀምሩና ለምን እንዳስረዘመው ጠይቁት። ኤግዚቢሽኑ ተከፍቷል።