ስርቆት በወንጀል ሕግ፦ ዣንጥላው ከባለቤቱ እጅ እንዴት ወጣ?

[ምስል፦ በር አጠገብ የተንጠለጠሉ ሁለት ጥቁር ዣንጥላዎች]

ሁለቱ ዣንጥላዎች በመልክም በመጠንም አይለያዩም። አንድ ሰው ከስብሰባ ሲወጣ የራሱ መስሎት የሌላውን ይዞ ሄደ። ባለቤቱ በዝናብ እየተመታ ወደ ቤቱ ቢመለስም፣ በወንጀል ሕግ ዓይን እስካሁን ስርቆት አልተፈጸመም።

ስርቆት እንዲኖር ድርጊትና ሐሳብ መገጣጠም አለባቸው። ግዙፋዊ ፍሬ ነገር የሚባለው የሌላ ሰው የሆነን ተንቀሳቃሽ ዕቃ ያለ ባለይዞታው ፈቃድ መውሰድ ሲሆን፣ ሞራላዊው ፍሬ ነገር ደግሞ ወሳጁ ዕቃው የእሱ አለመሆኑን እያወቀ ለራሱ ለማድረግ ማሰቡ ነው። የእኛ ሰው ይህ ሐሳብ አልነበረውም፤ ዣንጥላውን የመመለስ ግዴታው የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው።

[ምስል፦ እጀታው ላይ የተጻፈ የሌላ ሰው ስም]

ቤቱ ደርሶ ይህን ስም ካየ በኋላ ዝም ብሎ ቢያስቀረውስ? እዚህ ላይ ሕጎች ይለያያሉ። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የእንግሊዝ የስርቆት ሕግ፣ በቅንነት እጅ የገባን ንብረት ኋላ እንደ ባለቤት ሆኖ ማስቀረትንም በስርቆት ትርጉም ውስጥ ያካትተዋል። በጀርመን ሕግ ግን ዕቃው ከባለይዞታው እጅ ሲወጣ ለራስ የማድረግ ሐሳብ ስላልነበረ፣ አድራጎቱ ስርቆት ሳይሆን የሰውን ንብረት ያላግባብ የራስ የማድረግ የተለየ ወንጀል ነው።

ብዙ ሕጎች ንብረት ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎችን የሚለዩትም በዚሁ መንገድ፣ ዕቃው ከእጅ የወጣበትን ሁኔታ በማየት ነው። ባለቤቱ ዣንጥላውን በአደራ ሰጥቶት የተካደ እንደሆነ እምነት ማጉደል፣ በሐሰት ወሬ ተታሎ በገዛ እጁ ያስረከበ እንደሆነ ማታለል፣ ተደብድቦ ወይም ዛቻ ደርሶበት የተቀማ እንደሆነ ውንብድና ይባላል። ስርቆት ሆኖም በር ተሰብሮ፣ መሣሪያ ተይዞ ወይም በቡድን ሲፈጸም ከባድ ስርቆት ይሆናል።

የዕቃውን ዋጋ ብቻ መለኪያ ማድረግም ተሞክሯል፤ ውጤቱ ግን የሚያስቀና አልነበረም። እስከ 1827 እ.ኤ.አ. ድረስ በእንግሊዝ ከ12 ፔንስ በላይ የሰረቀ ሰው በሞት ሊቀጣ ይችል ስለነበር፣ ፍርድ ለመስጠት የተሰየሙት ተራ ዜጎች ሰውን ከገመድ ለማዳን ሲሉ የዕቃውን ዋጋ እያወቁ ያሳንሱ ነበር።

[ምስል፦ ከኤሌክትሪክ መስመር ላይ በድብቅ የተቀጠለ ሽቦ]

«ዕቃ» የሚለው ቃል ራሱ ያከራከረበት ጊዜም አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የጀርመን ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ኤሌክትሪክ የሚጨበጥ ዕቃ ስላልሆነ በስርቆት አንቀጽ ማስቀጣት አይቻልም አለ። ዳኞቹ ሕጉን ለጥጠው ከመተርጎም ይልቅ ክፍተቱን መሙላቱን ለሕግ አውጪው መተዋቸው በእኔ ግምት ትክክል ነበር፤ ሕግ አውጪውም እ.ኤ.አ. በ1900 ኤሌክትሪክን ያላግባብ መውሰድ የሚያስቀጣ ሕግ አወጣ። ድንጋጌው ዛሬም በጀርመን የወንጀል ሕግ ውስጥ ከስርቆት ተለይቶ የራሱን አንቀጽ ይዟል።