ኪሎው ሳይቀንስ ጉልበት ሲከዳ

[ምስል፦ አንዲት እናት ከዱካ ላይ ሊነሱ ነው። ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ደግፈዋል።]

እኚህ እናት ሩማቶይድ አርትራይተስ አለባቸው። ብዙዎቻችን ቤት በደፈናው ቁርጥማት የሚባለው ነው። «ኪሎዬ ያው ነው፤ ታዲያ ጉልበቴን ምን በላው?» ይላሉ።

የተበላው ጡንቻቸው ነው።

ሩማቶይድ አርትራይተስ መገጣጠሚያ ላይ ብቻ አይቀርም። በሽታን ሊከላከል የተፈጠረው የሰውነት ኃይል ተሳስቶ የገዛ መገጣጠሚያውን ያጠቃል። በዚያ ጊዜ ቲኤንኤፍ እና ኢንተርሉኪን 6 የሚባሉ ብግነትን፣ ማለትም እብጠቱንና ሕመሙን፣ የሚያባብሱ ንጥረ ነገሮች ይለቀቃሉ። በደም አድርገው መላ አካል ይዞራሉ። ጡንቻ ጋ ሲደርሱ ከሚገነባው የሚፈርሰው እንዲበልጥ ያደርጋሉ። ነገሩ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓጄት እ.ኤ.አ. በ1873 በታመመ መገጣጠሚያ ዙሪያ ጡንቻ እንደሚመነምን ጽፎ ነበር።

[ምስል፦ ሚዛን]

ሚዛኑስ ለምን አላሳየም? ጡንቻው በለቀቀው ቦታ ስብ ስለሚገባ ነው። ኪሎው አይነቃነቅም። «ክብደትዎ ጥሩ ነው» ተብለው ወደ ቤት ይመለሳሉ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ሌላም አለ። ያበጠ ጉልበት ነርቩን ስለሚያውክ የጭን ጡንቻ በሙሉ አቅሙ አይሠራም። ፕሬድኒሶሎን የሚባለው ብግነት ማብረጃ መድኃኒትም በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ጡንቻ ያሳሳል። ግን አደራ፣ በራሳችሁ እንዳታቋርጡት፤ በድንገት ማቆም አደገኛ ነው። ደግሞ እኛ ልጆቻቸውም አለንበት። «እማዬ፣ አንቺ ተቀመጪ» እያልን ድስቱን ከእጇ እንቀበላለን። ከፍቅር ነው። ያልሠራ ጡንቻ ግን ይከሳል።

[ምስል፦ ግድግዳ የተጠጋ ወንበር]

እስቲ ቤት ውስጥ እንሞክረው። ሰው አጠገብ ይቁም። እጅን ደረት ላይ አጣምሮ፣ ከወንበር 5 ጊዜ መነሳትና መቀመጥ። ከ15 ሰከንድ በላይ ከወሰደ፣ ወይም ጭራሽ ካልተቻለ፣ ለሐኪም ይነገር። የእጅ ጭብጥ ኃይልም ይለካል፤ ጣት ሲያም ግን ልኬቱ ያሳስታል።

ሕክምናው የሚጀምረው ብግነቱን ከማብረድ ነው። ለዚህ በብዛት የሚታዘዘው ሜቶትሬክሴት ነው። ለዚህ በሽታ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ በየቀኑ መውሰድ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። መድኃኒቱ ብቻውን ግን የሄደውን ጡንቻ አይመልስም። ጡንቻ የሚመለሰው ሲፈተን ነው፦ ከወንበር መነሳት፣ የላስቲክ ገመድ መሳብ፣ ቀስ በቀስም ክብደት መጨመር። «መገጣጠሚያዬን ይጎዳብኛል» ብለው የሚፈሩ ብዙ ናቸው። በሽታው ሲረጋጋ፣ በባለሙያ ምክር የሚሠራ እንቅስቃሴ አይጎዳም። ባገረሸ ቀን ቀለል ማድረግ ነው።

ምግቡም ፕሮቲን ይኑረው። እንቁላል፣ ወተት፣ ዓሣ፤ በጾም ደግሞ ሽሮው፣ ምስሩና ባቄላው ከወትሮው ይወፍር። ኩላሊት የሚያማቸው መጠኑን ሐኪም ይጠይቁ።

[ምስል፦ ልጅ እናቱ ፊት ቆሞ]

«እማዬ፣ ነይ 5 ጊዜ ተነሺ። እኔ እቆጥርልሻለሁ።»