ጁላይን አትጠብቁ

የተከበራችሁ እንግዶች፣ የካልጋሪ ወገኖቼ፣ እንደምን አመሻችሁ!

ኮሚቴው “አዲሱን የሆኪ ሲዝን በአጭሩ ክፈትልን” ብሎኛል። እንኳን አደረሰን፤ ተከፍቷል። አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ፦ ኮንትራቱ ሊያልቅ የተቃረበ ተጫዋች በጊዜ ቁርጡ ይታወቅ።

የ2022ን ሰመር እዚህ መሀል የረሳ የለም። ኮከባችን ጆኒ ጎድሮ፣ ነፍሱን ይማርና፣ በዚያ ሲዝን በጎልና በአሲስት (ለጎል በማቀበል) 115 ነጥብ ሰብስቦልናል። ኮንትራቱ ግን እያለቀ ነው። ክለባችን ፍሌምስ ምን አደረገ? ጠበቀ! በወቅቱ ደንብ ለ8 ዓመት ሊያስፈርመው የሚችለው የኛ ክለብ ብቻ ነበር፤ ሌላው ከ7 አያልፍም። በዚያች አንድ ዓመት ተማምነን ተኛን። ጁላይ 12 ማታ እንደማይፈርም ተሰማ። በማግስቱ ነፃ ገበያው ተከፈተ፤ ኮንትራቱ ያለቀ ተጫዋች ወደፈለገው ክለብ ይሄዳል ማለት ነው።

ያን ቀን ቡና ላይ ነበርን። አቦሉ ተቀድቷል፣ ሁሉም ስልኩ ላይ አፍጥጧል። ኒው ጀርሲ ይሄዳል የሚል አለ፣ ፊላደልፊያ የሚል አለ። “ኮሎምበስ! 7 ዓመት፣ 68.25 ሚሊዮን ዶላር!” ብሎ አንዱ ጮኸ። አንድ ታላቃችን ስኒያቸውን አስቀምጠው “እኛስ ምን አገኘን?” አሉ። መልስ የሰጣቸው የለም። ቶናው ሳይደርስ ሰዉ ተበተነ።

ምን እንዳገኘን ዛሬ ልመልስላቸው። ምንም! አንድ ተጫዋች፣ አንድ የድራፍት (የወጣት ተጫዋቾች ምርጫ) ዕድል እንኳ የለም። ልጁን አልወቅስም፤ ለቤተሰቡ መቅረብ መብቱ ነው። “ምድቡን እየመራን እንዴት እንሸጠዋለን?” ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ግን ከዓመት በፊት፣ በ2021 ሰመር፣ “ትፈርማለህ ወይስ እንሽጥህ?” ብሎ ቁርጡን ማወቅ ማንን ገደለ?

ከጎድሮ መሄድ ዘጠኝ ቀን በኋላ ደግሞ ሌላው ኮከባችን ማቲው ካቻክ ተሸጠ። እሱም ረጅም ኮንትራት አልፈልግም ብሎ ነበር። እዚህ ላይ የገዛውን የፍሎሪዳን ክለብ ተመልከቱልኝ። አንድ ዓመት ቢታገሱ ልጁ ነፃ ገበያ ላይ ሊወጣ ይችል ነበር። አልታገሱም! እንደ ጎድሮ 115 ነጥብ የነበረውን ጆናታን ሁበርዶን ሰጡን፣ ማኬንዚ ዊገርን ሰጡን፣ አንድ ወጣትና የመጀመሪያ ዙር ድራፍት ጨመሩበት። ያኔ ብዙ ሰው አትራፊዎቹ እኛ ነን አለ። ሁበርዶ እኛ ጋ በመጀመሪያው ሲዝን 55 ነጥብ አመጣ። እነሱ በ2023 ፍጻሜ ደረሱ፣ በ2024 እና በ2025 የሊጉን ዋንጫ ስታንሊ ካፕን አነሱ። ሁለቱንም ጊዜ ባላንጣችንን ኤድመንተንን አሸንፈው ነው። ለእሱስ እናመሰግናቸዋለን፣ አጨብጭቡ እንጂ!

“ቸኩሎ የገዛው የካሮላይና ክለብስ?” የሚል አይጠፋም። አጥቂውን ሚኮ ራንታነንን በጃንዋሪ 2025 ገዙ፣ አልፈርም አላቸው። ታዲያ እጃቸውን አጣጥፈው ጁላይን ጠበቁ? በማርች ለዳላስ ክለብ ሸጡት። ወጣቱን ተጫዋች ሎጋን ስታንኮቨንንና ሁለት የመጀመሪያ ዙር ድራፍት ይዘው ቀሩ። ዳላስም ወዲያው ለ8 ዓመት አስፈረመው። ቆራጥ ሰው ቢሳሳት እንኳ ባዶ እጁን አይቀርም።

የኛዎቹም በ2024 አጥቂያችንን ሊንድሆልምን ኮንትራቱ ሳያልቅ ሸጠዋል። ጎሽ። ቀድሞ ቢሆን ኖሮ!

ስለ አዲሱ ስታዲየምም ተናገር ተብዬ ነበር። እየተሠራ ነው።

አሁን ጥያቄ ያለው ይጠይቅ። “ትንሽ እንታገስ” ለሚል ግን ማይኩን አልሰጥም።