ጸሐፊዋ

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። የምቀዳው ደብረ ብርሃን ሆኜ ነው፤ ጋቢ ደርቤም ብርዱ አልለቀቀኝም፣ ድምፄ ቢንቀጠቀጥ በሱ አሳብቡ።

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ከመሐል ሜዳ ደወለችልኝ። ዘጠነኛ ክፍል ናት። "እትዬ፣ የቡድናችን ጸሐፊ ሆንኩ!" አለችኝ። እንኳን ደስ አለሽ ለማለት አፌ እሺ አላለኝም።

እኔም ጸሐፊ ነበርኩ። "ጽሑፍሽ ያምራል" ይሉኝ ነበር። የፊዚክስ ላብ ስንገባ ሽቦና ባትሪውን የሚይዙት ወንዶቹ ናቸው፤ እኔ "አምፖሉ በራ" ብዬ እጽፋለሁ። ማንም አልከለከለኝም እኮ። እጄ ነው የማይሄደው።

አሥረኛ ክፍል ስንደርስ ቅዳሜ ጠዋት ለሴቶች ብቻ ማጠናከሪያ ተጀመረ። ተናደድኩ! ቤት ተከራይቶ የተማረ ያውቀዋል፤ ቅዳሜ እናቴ ከገጠር በሶና ዳቦ ተሸክማ የምትመጣበት ቀን ነው። የመጀመሪያ ቀን አስተማሪያችን ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ "በሉ ሥሩ" ብሎን ወጣ። ተያየን። ሁላችንም ደብተራችንን ገልጠን፣ እስክሪብቶ ይዘናል። አሥራ አንድ ጸሐፊ! ሳቃችን መጣ። ስንስቅ ቆይተን አንዷ ሽቦውን አነሳች፤ አልበራላትም፤ ሌላዋ ተቀበለቻት። ባትሪ ደራርቤ አምፖሉን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። አሁንም ሳስታውሰው ደስ ይለኛል።

እቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት በ1924 ዓ.ም. ሲከፈት ስለዚህ ነገር ታስቦ ይሁን አይሁን እንጃ። ግን ሴት ብቻ ባለበት ክፍል ጠያቂዋም፣ አለቃዋም፣ ተሳስታ ሰሌዳ የምታጠፋውም ሴት ናት። ትምህርት ቤቱን ያስተዳደሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በ1950 ዓ.ም. ምርጫ ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው።

ደግሞ ላጋንን አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ አንድ ትንተና የ21 አገሮችን 184 ጥናቶች፣ 1.6 ሚሊዮን ተማሪ ሰብስቦ ቢያይ፣ በደንብ በተሠሩት ጥናቶች ሴት ለብቻ፣ ወንድ ለብቻ ሆነው የተማሩት አብረው ከተማሩት በውጤት ያን ያህል አልበለጡም። እኔም ተነሡና መንዝ ላይ ለሴቶች ለብቻ ትምህርት ቤት ሥሩ አልልም። ሩቅ ከሆነባት የምትቀረው ያቺው ልጅ ናት። ለኔ በሳምንት ሁለት ሰዓት በቅታኛለች።

ለእህቴ ልጅ፣ "ለሚቀጥለው እስክሪብቶውን ለአንዱ ወንድ ስጪና ሽቦውን አንቺ ያዢ" አልኳት።

ዝም አለች። ቆይታ፣ "ውይ እትዬ፣ የነሱ ጽሑፍ እኮ አይነበብም!"