ስክሪንዎን ለሩቅ ሰው ከመክፈትዎ በፊት

[ምስል፦ ደብረ ማርቆስ፤ በአንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ የበራ ኮምፒውተር]

ተራኪ፦ ይህች የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት የእህቴ ናት። ባለፈው ክረምት ፕሪንተሯ አልሠራ ቢላት ባሕር ዳር ላለ ባለሙያ ደወለች፤ እሱም «ኤኒዴስክ ጫኚና ቁጥሩን ንገሪኝ» አላት፤ ኤኒዴስክ የሌላን ሰው ኮምፒውተር ከሩቅ ሆኖ ለማየትና ለማዘዝ የሚያስችል ፕሮግራም ነው። ስክሪኑ ላይ የወጡትን አሃዞች አንድ በአንድ አነበበችለት፤ ቀጥሎ የመጣውን የፈቃድ መጠየቂያ ግን ሳታነብ ተቀበለችው። ሰውየው ሐቀኛ ነበርና ፕሪንተሩን በሩብ ሰዓት አስተካከለላት። በዚያ ሩብ ሰዓት ግን ዲቪ ያስሞሉ ደንበኞቿ ፎቶግራፍና የፓስፖርት ቅጂ ዴስክቶፑ ላይ ተዘርግቶ፣ ኢሜይሏ ተከፍቶ፣ የይለፍ ቃሎቿም ብራውዘሩ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ የሚያግደው ነገር አልነበረም።

[ምስል፦ የፈቃድ መጠየቂያው መስኮት በቅርብ]

ተራኪ፦ የጎጃም ሰው እንግዳውን እልፍኝ ያስገባል እንጂ ጓዳውን ከፍቶ አያስጎበኝም። በኢንተርኔት በሚደረግ የዙም ስብሰባ ላይ ስክሪን ማሳየት እልፍኝ እንደ ማስገባት ነው፤ ተመልካቹ ያያል፣ አይነካም። ኤኒዴስክና ቲምቪወር ግን የተሠሩት ማውሱንና ኪቦርዱን ለሩቁ ሰው ለማስረከብ በመሆኑ፣ ፈቃዱ ከተሰጠ ፋይል ሊወስድና ሊያስገባ፣ ኮፒ ያደረግነውን ጽሑፍ ሊያነብ፣ እንዲያውም ስክሪናችንን አጥቁሮ እኛ ሳናይ ሊሠራ ይችላል። በዙምም ቢሆን ተሳታፊው ኮምፒውተሩን ለመቆጣጠር ፈቃድ መጠየቅ ይችላል። በ2025 እ.ኤ.አ. አጭበርባሪዎች በስብሰባው ውስጥ ስማቸውን «ዙም» ብለው በመለወጥ፣ ጥያቄው ከፕሮግራሙ ራሱ የመጣ አስመስለው ሰዎችን ማታለላቸው ታውቋል። ስለዚህ መስኮቱ ብቅ ሲል ማን ምን እንደጠየቀ እስከ መጨረሻው ማንበብ ያስፈልጋል።

ከሁሉ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ግን ሥራው ካለቀ በኋላ የሚቀረው ነገር ነው። ለመስቀል እህቴን ልጠይቅ ሄጄ የኤኒዴስክን ቅንብር አብረን ስንከፍት፣ ባለሙያው ያለ እሷ ፈቃድ መግባት የሚያስችል የይለፍ ቃል አስቀምጦ አገኘን። ሌላ ጊዜ እንዳያስቸግራት አስቦ ያደረገው እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ይሁንና ያ ቃል በማንም እጅ ቢወድቅ፣ ሱቁ ተዘግቶ ኮምፒውተሩ ሳይጠፋ ባደረ ሌሊት ሁሉ በሩ ክፍት ነበር። የዚያኑ ዕለት ቃሉን ሰርዘን ፕሮግራሙን አጠፋነው።

[ምስል፦ የእጅ ስልክ፤ ባለስድስት አሃዝ ኮድ የያዘ አጭር መልእክት ከላይ ብቅ ይላል]

ተራኪ፦ በስልክ ላይ ነገሩ ይከፋል። «ከባንክ ነው የምደውለው፤ ሒሳብዎ ሊዘጋ ስለሆነ ይህን መተግበሪያ ይጫኑ» የሚል ሰው ባንኩ ለማረጋገጫ በመልእክት የሚልከውን ኮድ ንገሩኝ ማለት እንኳ አያስፈልገውም፤ መልእክቱ ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል እሱም እዚያው ያነበዋል። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው አንድሮይድ 15 ስክሪን በሚጋራበት ጊዜ እንዲህ ያሉ ኮዶችን ይሸፍናል፤ በየገበያችን የሚሸጡት አሮጌ ስልኮች ግን ይህ መከላከያ የላቸውም። ባንክ ደውሎ ስክሪንዎን አሳዩኝ አይልም፤ የሚል ካለ ስልኩን ይዝጉበት።

ርዳታ የሚያስፈልግዎ ከሆነ እርስዎ ራስዎ ለሚያውቁት ሰው ይደውሉ፤ አስቀድመው ኢሜይልና የባንክ ገጽ ይዝጉ፤ በስብሰባ ላይ ደግሞ ሙሉውን ስክሪን ሳይሆን የሚፈለገውን መስኮት ብቻ ያጋሩ። ሰውየው ሲሠራ ከኮምፒውተሩ ፊት አይነሡ።

አንዳች የሚያጠራጥር ነገር ካዩ፣ ለምሳሌ ስክሪኑ በድንገት ቢጠቁር፣ ከሰውየው ጋር ሳይከራከሩ መጀመሪያ ኢንተርኔቱን ይንቀሉ። ቀጥሎ ሒሳብዎ እንዲታገድ ለባንክዎ ይደውሉ፤ የንግድ ባንክ ቁጥር 951፣ የቴሌብር 127 ነው። የይለፍ ቃሎችዎን ከዚያው ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን ከሌላ ንጹሕ መሣሪያ ይቀይሩ፤ የሚጽፉትን ሁሉ የሚቀዳ ፕሮግራም ተደብቆ ቀርቶ ሊሆን ይችላልና። የተገናኘውን ሰው ቁጥርና ሰዓት ከፕሮግራሙ ላይ ፎቶ አንሥተው ለፖሊስ ያቆዩ፤ ፕሮግራሙን የሚያጠፉት ከዚያ በኋላ ነው።