«ኧረ ትቷል!»

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ጎረቤት ዛሬም ቡና እየወቀጠ ነው፤ ድምፁ ከገባ ቻሉት እንግዲህ።

አያ ደህና ነው። ማለቴ... አለ። ለካንሰሩ የጨረር ሕክምና አዲስ አበባ ተራ ይዟል። የዚህ ዝግጅት አዲስ ክፍል በወጣ ቁጥር «ምነው ድምፅሽ ቀጠነ» ብሎ የሚደውለው ሰውዬ፣ አሁን የራሱ ድምፅ አልወጣ ብሎታል። ይሄን ሌላ ቀን እናወራዋለን።

እኔን ያልለቀቀኝ ባለፈው ቀጠሮው ላይ የሆነችው ነገር ናት። ነርሷ ካርዱን ይዛ ቀና አለች። «አባባ፣ ሲጋራ ያጨሳሉ?» አያ አፉን ከፈተ። እውነቴን ነው፣ ሊናገር ነበር። ልጁ፣ ኢንጂነሩ፣ ቀደመው። «ኧረ ትቷል! ድሮ!» ጻፈች። «መጠጥስ?» «እሱንም ትቷል።» ጻፈች። አያ አፉን ገጠመ። በቃ፣ ይኸው ነው። አንድ ደቂቃ አትሞላም።

ፓኮው እኮ ኮቱ ኪስ ውስጥ ነበር! ሽታው ለነርሷም ሳይደርሳት አይቀርም። በ2011ዱ አዋጅ የመጣው የበሽታ ሥዕል ፓኮውን 70 በመቶ ሸፍኖታል፤ አያ ደግሞ ሥዕሉን በመዳፉ ሸፍኖ ነው የሚያወጣው።

ኢንጂነሩ ክፉ ልጅ አይደለም። አባቱን «በካንሰር ላይ ያጨሳል» እንዳይሉበት ነው። ግን ነርሷ ልትፈርድበት አልጠየቀችም። ሰው እያጨሰ ጨረር ቢወስድ ሕክምናው እንደሚገባው አይሠራለትም፤ ቁስሉም ቶሎ አይሽርም። አያ «አንዴ ይዞኛል፣ አሁን ብተወው ምን አተርፋለሁ?» ይላል። ትርፉ ይሄ ነበራ! ማን ይንገረው? ካርዱ ላይ ትቷል።

መጠጡማ... አክስቴ አንድ ቀን አረቄውን ከነጠርሙሱ አልደፋችውም? እሰይ አልናት። ሌሊት ሰውየው ሲንቀጠቀጥ፣ ላብ ሲያጠምቀው ጸበል ፍለጋ ተሯሯጥን። ጡረተኛው ድሬሰር ነው የነገረን። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው ባንዴ ሲያቆም ሊያንዘፈዝፈው፣ ራሱን ሊያስተው፣ ሊገድለውም ይችላል። ሐኪም እየተከታተለው ነው መተው ያለበት። ለዚህም እኮ ሐኪሙ ማወቅ አለበት። አያ ከዚያ ወዲህ ተደብቆ ነው የሚጠጣው።

እኔን የሚያስፈራኝ ግን ዝምታው ነው። ሬዲዮ አይከፍትም። እንቅልፍ የለውም። የበግ ዋጋ ሲነግሩት አይሳደብም። አያ! የበግ ዋጋ ሰምቶ! ዘመድ «እግዜር ትዕግሥት ሰጠው» ይላል። እኔ እንጃ። እንዲህ ያለው ነገር ሁለት ሳምንት ካለፈው ራሱን የቻለ ሕመም፣ ድባቴ የሚሉት፣ ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናም አለው። ሲጋራውን የሚያስይዘውም ያው ይሆናል። ወይም እሱ እንደሚለው የደሴ ብርድ ነው። የቶሳ ተራራ ጉም ለብሶ ማን ሳያጨስ ይውላል ይላል፣ ሃሃ። ይሄን ሲል ግን ድሮ ነው። አሁን ይህንንም አይልም።

ሐሙስ ቀጠሮ አለው። ኢንጂነሩን ውሃ ግዛ ብዬ ልላከው? ግን ተጽፎ ያለቀ ነገር ነርሷ ለምን ደግማ ትጠይቃለች? እኔ ልንገራት? አያ «ሰለልሽብኝ» ይለኛል፤ ሁለተኛም አይደውልልኝም። እሺ፣ ሁላችንም ወጣን እንበል፣ ብቻውን ጠየቀችው። ራሱ «ትቻለሁ» ቢላትስ? ይሄን... ይሄን አላሰብኩትም።

ኢንጂነሩ፣ ይሄን ከሰማህ ደውልልኝ። አይ፣ ተወው፣ አትደውል። ወይም... ከሐሙስ በፊት ከሆነ ደውል።